ሳላስፈቅድ የተናገርኩት

ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንዲት ትንሽ የሴቶች ማኅበር ነበረችን። ጠበቃ ማቆም ለማይችሉ ሴቶች ክስ እንጽፋለን፣ ፍርድ ቤትም አብረናቸው እንሄዳለን። እኔ የሕግ ባለሙያዋ ነበርኩ። ከዚያ አዋጅ ወጣና ከውጭ በሚመጣ ርዳታ የሚኖር ድርጅት መብት የሚባል ነገር ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለ። የእኛም ርዳታ የሚመጣው ከውጭ ነበር። ከምንዘጋ ብለን ለተማሪ ደብተር፣ ለእናቶች ሳሙና ማደል ጀመርን።

በዚያው ሰሞን አንዲት አትክልት ነጋዴ ከመልካ ጀብዱ መጣች። ባሏ ከሞተ ወራት አልፈዋል፤ ወንድሞቹ ቤቱን ልቀቂ ብለዋታል። ክስ ጻፊልኝ አለችኝ።

«ይሄን ሥራ ከልክለውናል» አልኳት።

ጠረጴዛውን አየች፣ እኔን አየች። «ታዲያ እዚህ ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሁለት ሳሙና ሰጠኋት፤ ወንበሩ ላይ ትታው ወጣች።

ዓመታት አለፉ። አዋጁ ሊሻሻል ነው ተባለና የመንግሥት ሰዎችና ማኅበራት በየከተማው አብረው መምከር ጀመሩ። ተራው የእኛ ከተማ ሲደርስ ያቺን ሴት ፍለጋ መልካ ጀብዱ ሄድኩ። ሽንኩርት ትመርጥ ነበር። ቤቱን ተነጥቃ እዚያው ሰፈር እህቷ ጋር ተጠግታለች። መጥታ እንድትናገር ጠየቅኳት።

«አልመጣም» አለችኝ። «ታሪኬንም እንዳታነሺ። ልጆቼ ከአጎቶቻቸው ጋር መጠያየቅ የጀመሩት ገና አሁን ነው። ወላሂ፣ ይሄን ሰላም ስንት ዓመት ነው የጠበቅኩት።»

አላነሳም ብዬ ቃል ገባሁላት።

በምክክሩ ቀን እስከ ምሳ ድረስ አንቀጽ በአንቀጽ ስንጨቃጨቅ ቆየን። መድረኩን ይመሩ የነበሩት የመንግሥት ተወካይ ጨዋ ሰው ነበሩ። «ሕጉ ጎዳን ትላላችሁ። ማንን ጎዳ? አንድ ሰው አሳዩኝ» አሉ። እጄን አወጣሁ።

ስሟን አልጠራሁም። አትክልት ነጋዴ መሆኗን፣ መልካ ጀብዱን፣ ቤቱን፣ ወንድማማቾቹን፣ ሳሙናውን ግን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ቃሌን ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። እየተናገርኩ ትዝ ይለኝ ነበር፤ አላቆምኩም። ተወካዩ ብዕራቸውን አስቀምጠው ሲሰሙኝ ቆዩና «ይሄ ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ» አሉ። ተጨበጨበልኝ። ደስ ብሎኝም ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ቢሮ መጣች። አዳራሹ ውስጥ የሰፈሯ ሰው ነበር። የባሏ ወንድሞች «በመንግሥት ፊት አዋረደችን» ብለው ልጆቹ ደጃቸውን እንዳይረግጡ ከልክለዋል። አልጮኸችም።

«ያኔ ስለምንሽ አፍሽን ዘጋሽ» አለችኝ። «ዝም በይልኝ ስልሽ ከፈትሽው።»

ይቅርታ አልኳት፣ ሕጉ ሲቀየር ለብዙ ሴቶች እንደሚጠቅም ላስረዳት ሞከርኩ። እያወራሁ ጥላኝ ሄደች።

አዋጁ ተቀየረ። በየከተማው የተናገረው ብዙ ሰው ነው፤ የእኔ ንግግር ምን ያህል እንደረዳ አላውቅም። ወደ ሥራችን ተመለስን፤ ግን የሚመጣ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ሳሙና ሲያልቅብን የዘጋን ነበር የመሰላቸው። ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርን እንደገና ኑ ብለን መለመን ነበረብን። ለእሷም በእህቷ በኩል መልእክት ላክንላት።

መጣች። እኔን አልፋ ወጣቷ ባልደረባዬ ፊት ተቀመጠችና «ጉዳዬን አንቺ ያዢልኝ፤ እሷ እንዳታየው» አለቻት። ተነስቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እሷ በምትመጣበት ቀን በረንዳው ላይ ነው የምሠራው።

ክሱ ተጓተተ። የባሏ ወንድሞች በቀጠሮ ቀን አንዴ ይመጣሉ፣ አንዴ ይቀራሉ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገባና መንገድ ዳር ያለውን ክፍል ለቀቁላት፤ የቀረው ቀረ። አሁን እዚያ ሱቅ ከፍታለች ብላ ባልደረባዬ ነገረችኝ። ልጆቹስ አልኳት። ትልቋ እስካሁን ከአጎቶቿ ጋር አትነጋገርም።

በየሥልጠናው ስለዚያ ምክክር እንድናገር ይጠሩኛል። መንግሥትና ማኅበራት ተደማምጠው ሕግ እንዴት እንደተቀየረ አወራለሁ፤ እውነትም ነው። ስጨርስ ቃለ ጉባኤውን ያነበበ አንዱ ተነስቶ «የዚያች አትክልት ነጋዴ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም «እሷን ሳላስፈቅድ አልናገርም» ብዬ እቀመጣለሁ። ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ግን አስፈቅጃለሁ፤ በባልደረባዬ በኩል። ሥራዋንና ሰፈሯን ቀይሪ ብላኛለች፤ ቀይሬዋለሁ።