የአባዬ ብዕር ሊሞረድ ሲል

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ አንድ ሰዓት ሠሪ ሱቅ በር ላይ ነው። ለሌላ ሰው ሲወራ ትንሽ ነገር ነው። የጠፋ ሰው አልተገኘም፤ የሞተም አልተነሣም። እኔ ግን ሳላስበው የዋልኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ልናገር። ሰባት ዓመት ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርቼ የተመለስኩ ነኝ። አሁን ደብረ ታቦር ላይ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። የተወለድኩት ከጉና ሥር፣ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ ከማይበቅልበት ብርዳም አገር ነው። ጠባዬ ቁጡ ነው። ጎረቤቶቼ «ዋጋ ሦስት ጊዜ የጠየቀሽን ደንበኛ ልብሱን ከእጁ ትቀሚያለሽ» ይሉኛል። ማጋነናቸው ነው። ያደረግኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አባቴ ገበሬ ነበር። በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀምሶ ስለነበር ግን በአካባቢያችን ጽሕፈት የሚችለው እሱ ነው። ማመልከቻ፣ የሽማግሌ ውል፣ ከተማ ለገባ ልጅ የሚላክ ደብዳቤ፣ ሁሉም ወደ አባዬ ይመጣል። የሚጽፍበት አንድ አሮጌ ብዕር ነበረው፤ ቀለም የሚሞላ፣ ጥቁር፣ ወፈር ያለ። ድሮ እኛ ዘንድ ያስተምር የነበረ መምህር ወደ ሌላ አገር ሲዛወር የሰጠው ነው። እስክሪብቶ ሲያቀብሉት «ይኼ ያንሸራትተኛል» ብሎ ይመልሰዋል።

እኔ ሰው አገር እያለሁ አባዬ ሞተ። አልደረስኩም፤ አልቀበርኩትም። ስመለስ እናቴ ብዕሩን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ሰጠችኝ። የላከልኝን ሁለት ደብዳቤዎች አሠሪዎቼ ቤት ከቀረው ሻንጣዬ ጋር አጥቻቸዋለሁ። ሌላው የጻፈው ሁሉ ለሰው ስለነበር ከየባለቤቱ ጋር ሄዷል። ዛሬ የአባዬ የእጅ ጽሕፈት አንዲት መስመር እንኳ የለኝም።

ብዕሩን መጀመሪያ የያዝኩ ቀን ደነገጥኩ። ከዛሬ እስክሪብቶዎች ከበድ ይላል፤ ግን ጣት አያደክምም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለችው ሥጋ ላይ ጋደም ብሎ ያርፋል። ብዙ ከመያዙ የተነሣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ለስልሶ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል። የኔ ጣት እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። ሰው ሁሉ «በእጅሽስ አባትሽን ነሽ» ይለኛል። አጫጭር ወፋፍራም ጣቶች ናቸው፤ ዓረብ አገር እመቤቴ ትስቅባቸው ነበር። ያን ቀን ግን ተመስገን አልኩ። ብዕሩ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የእጄን ሙቀት ሲወስድ የአባዬን እጅ የጨበጥኩ ያህል ተሰማኝ።

ልጽፍበት ስሞክር ግን እምቢ አለ። ቀለም ሞላሁለት፣ በለብታ ውኃ አጠብኩት፣ ወረቀት ለወጥኩ። የሱቄ ባንኮኒ ላይ ወር ሙሉ ታገልኩት። ወረቀቱን ይቧጭራል፤ አንድ ፊደል ይጽፍና ሁለቱን ይዘላል። እጄ ላይ እንዲያ ልክ ሆኖ አለመጻፉ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። አባዬ ሳልቀብረው በመቅረቴ የተቀየመኝ መሰለኝ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን መሰለኝ።

በመጨረሻ ከመናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሰዓት ሠሪ፣ ወደ ይበልጣል ዘንድ ወሰድኩት። ይበልጣል ሰዓት ሠሪ ይባል እንጂ የማይነካው ነገር የለም፤ መነጽርም ይጠግናል፣ ሬዲዮም ይፈታል። ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ የብዕሩን ጫፍ አየው።

«እህቴ፣ ጫፉ በአንድ ጎኑ ተበልቷል። በብርጭቆ ወረቀት ሞርጄ ካስተካከልኩት እንደ አዲስ ይጽፍልሻል» አለኝ።

«እንግዲያው ሞርደው» አልኩት። ደስ አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

የብርጭቆ ወረቀቱን ቀዶ አጠፈና ብዕሩን አነሣ። በሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር አንድ ጥምጥም ያሰሩ፣ ጋቢ የደረቡ አዛውንት የእጅ ሰዓታቸው እስኪሠራ ተቀምጠው ነበር።

«ቆይ እስኪ ልጄ፣ ሳትነካው አሳየኝ» አሉት።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቀላል። ሱቄን ዘግቼ የመጣሁ ነኝ፤ ቸኩያለሁ። «አባባ፣ እርስዎ ሰዓትዎን ይጠብቁ። የኔን ነገር ለኔ ይተዉልኝ» አልኳቸው።

አልተቆጡም። «እሺ ልጄ። ኸተሞረደ ወዲያ አይመለስም ብዬ ነው እንጂ» አሉ።

ይበልጣል በኔ አፍሮ ይመስለኛል፣ ሳይጠይቀኝ ብዕሩን ሰጣቸው። ጫፉን ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩት። ከዚያ በጣታቸው ሲዳብሱት ቆዩና ጎድጓዳዋ ላይ ቆሙ።

«የማን ነው?»

«የአባቴ።»

«አሉ?»

«የሉም።»

«ነፍስ ይማር። የቆሎ ተማሪ ነበሩ እንዴ?»

«በልጅነቱ ነበር። እንዴት አወቁ?» አልኩ።

«እኔ ኸእብናት ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ብራና ስጽፍ የኖርኩ ነኝ። ጠረጴዛ ላይ የሚጽፍ ሰው ብዕር እንዲህ አይበላም፤ ጉልበታችን ላይ የምንጽፍበት የኛ የመቃ ብዕር ግን በዚሁ ወገን ነው የሚያልቀው። አባትሽ ጉልበታቸው ላይ ነበር የሚጽፉት።»

አዎ፣ አባዬ መደብ ላይ ይቀመጥና ግራ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ፣ ጣውላ አስደግፎ ነበር የሚጽፈው። እኔ ግን ጠረጴዛ ስለሌለን ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ያሳፍረኝ ነበር። ዓረብ አገር ገብቼ መጀመሪያ ከላክሁት ገንዘብ ላይ ለሱ ጠረጴዛና ወንበር እንዲሠራለት አደረግሁ። በኋላ እናቴን በስልክ ብጠይቃት «ሬዲዮኑን አስቀምጦበታል፤ እሱማ እንደ ድሮው ጉልበቱ ላይ ነው» አለችኝ። ደሜ ፈላ። አባዬን አስጠርቼ «እኔ እዚህ የሰው ሽንት ቤት እያጠብኩ የላክሁልህን ትንቃለህ?» አልኩት።

«ኧረ ልጄ፣ አልናቅሁም። እጄ አልለምድ ብሎኝ ነው» አለኝ።

አላመንኩትም። ሁለት ወር ሙሉ አልደወልኩለትም። ለካ እውነቱን ነበር የነገረኝ።

አዛውንቱ ይህን ሁሉ አያውቁም። «ነይ እስኪ፣ ተቀመጭ» ብለው ይበልጣል እግሩን የሚያሳርፍባትን ዱካ አሳዩኝ። ጠባብ ቀሚስ ለብሼ ስለነበር ግራ ገባኝ። ይበልጣል ካፖርቱን አውልቆ ጉልበቴ ላይ ጣለልኝ። የካርቶን ቁራጭና ወረቀትም አቀበለኝ።

«ግራ ጉልበትሽን ከፍ አድርጊ። እንደሱ። ክንድሽን ወደ ጎንሽ ሰብሰብ አድርጊ። ብዕሩን አታስጨንቂው፣ ጋደም ይበል» አሉኝ።

ጻፈ። አልቧጨረም፣ አልዘለለም። ወር ሙሉ እኔ ስገፋው የከረምኩት ብዕር አሁን ራሱ ይዞኝ ሄደ። ክብደቱ ወደ ጫፉ ወርዶ ስላረፈ እጄ የሚጫነው ነገር አልነበረም። ትከሻዬ ጎበጥ፣ አንገቴ ዘንበል እንዳለ ታወቀኝ። ይህን አቀማመጥ ስንት ዓመት ከበሩ ሆኜ ሳየው የኖርኩት ነው፤ ከውስጡ ሆኜ ግን አንድም ቀን አላውቀውም ነበር።

ምን እንደምጽፍ አላሰብኩም። እጄ የጻፈው ሁላችንም ደብዳቤ ስንጀምር የምንለውን ነው። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደኅና ነኝ።» ከዚያ በላይ መሄድ አልቻልኩም። መንገደኛ እያየኝ፣ የሰው ካፖርት ጉልበቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ይበልጣል የተበላሸ ሬዲዮ አንሥቶ በጣም ሥራ የበዛበት መሰለ።

ሲወጣልኝ የአዛውንቱ ጉልበት ላይ ወደቅሁ። «አባቴ ይቅር ይበሉኝ፣ ባለጌ ነኝ» አልኳቸው። «እግዜር ይፍታሽ፤ ያዘነ ሰው ይቆጣል» አሉኝ።

«ጠረጴዛ ላይ ብጽፍበት ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መጀመሪያ ይቧጭርሻል። እየቆየ ያንቺን እጅ ይለምድና የሳቸው ይጠፋል።»

«ጉልበቴ ላይ ብጽፍበትስ?»

«ያው ነው ልጄ። ቀስ ይላል እንጂ ያው ነው። ብዕር የሚጽፍበትን ሰው ነው የሚመስል።»

ይበልጣል ሠርቶ የሰጣቸውን ሰዓት ጆሯቸው ላይ አድርገው መሥራቷን ሰሙና ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ ወዲህ ከእብናት የመጣ ገበያተኛ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ እስካሁን አላገኘኋቸውም።

ቤት ገብቼ ብዕሩን ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሁለተኛ ላልነካው ወሰንኩ። ከአባዬ እጅ በምድር ላይ የቀረው ያች የተበላች ጫፍ ብቻ ናት፤ እኔ ደግሞ በጻፍኩ ቁጥር እሱን እየፋቅሁ ነው። እንዲህ እያልኩ ጥቂት ሳምንት ቆየሁ። ናፍቆቱ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ጣቴ ያችን ጎድጓዳ ይፈልጋል፤ ልብስ ሳጣጥፍ እንኳ አውራ ጣቴ ባዶ ቦታ ሲዳብስ አገኘዋለሁ።

አሁን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዝቅ ብዬ እቀመጥና ጉልበቴ ላይ አንድ ገጽ እጽፍለታለሁ። የገበያውን፣ የእናቴን ወገብ፣ የዝናቡን ነገር እነግረዋለሁ። አሁን አብራኝ የምትኖረው እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ታየኛለች፤ «ለማን ነው?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እያንዳንዱ ደብዳቤ ከእጁ ጥቂት እንደሚወስድብኝ አውቃለሁ። ቢሆንም አባዬን አንድ ጊዜ በዝምታ ቀጥቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አላደርገውም።