ከክንዷ ያልለቀቀው ሰማያዊ

አንድ አባት የሕፃን ልጁን ክንድ እንትፍ እያለ ሲፈትግ ሳይ ነው ነገር እንደተበላሸ የገባኝ። ሰማያዊው ቀለም አልለቅ አለው። ቀና አለና የኔን ልጅ በኦሮምኛ ጠየቃት።

«ማን ነው የገዛት?»

ልጄ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ምነው ያኔ ጥርሷን ባልገለጠች!

ልጄ ነርስነት ተምራ ገና ሥራ አልያዘችም። በፈቃዳቸው በነፃ ሊያክሙ ከውጭ አገር የመጡ ፈረንጆች አዳማ ላይ ረዳት ሲፈልጉ «እኔም በነፃ አገለግላለሁ» ብላ ተመዘገበች። የሚሄዱት ከአቦምሳ ወዲያ፣ ጤና ጣቢያ የሌለበት ቆላ ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ የማላውቀው አገር ሲባል ልቤ ድው ድው ይላል። «ብቻሽን አትሄጂም» አልኳትና ምግብ አብሳይ ሆኜ ተከተልኳት።

እዚያ እንደደረስን ፈረንጆቹ መንጠቆ ያለው ሚዛን ከግራር ቅርንጫፍ አንጠለጠሉ። ሕፃናቱን በጨርቅ አንግተው ይመዝናሉ፤ መድኃኒቱ የሚሰጠው በኪሏቸው ልክ ነዋ። ወረቀት እየጠፋ ስላስቸገራቸው፣ ልጄ ኪሎውን በሰማያዊ ማርከር ሕፃናቱ ክንድ ላይ ትጽፋለች። ቀጥሎ ያለችው ፈረንጅ ዶክተር ክንዱን አይታ ሽሮፑን ትለካለች። ለነሱ ሥራ ማቅለያ ነው።

በዚያ አገር ግን በመንጠቆ የሚመዘነው ፍየል ነው። ነጋዴው ይመዝንና፣ የተስማማበትን ጀርባውን ሰማያዊ ይቀባዋል፤ በአይሱዙ ጭኖ ሞጆ ቄራ ያራግፈዋል። ቀለም የነካው ፍየል ተሸጧል፣ አለቀ። ያ ጭነት አዳማ በደጃችን ሲያልፍ ስንቴ አይቼዋለሁ! ድንኳኑንና መድኃኒቱን ጭነን የመጣንበት የኪራይ መኪናም አይሱዙ ነው፤ ያውም የፍየል ሽታ ያለቀቀው።

እናቶቹ ልጆቻቸውን ከሰልፉ መጎተት ጀመሩ። «ዛሬ መዘኑ፣ ማታ ይጭናሉ» አለች አንዷ። ወንዶቹ ዱላቸውን እንደያዙ ከበቡን። ዶክተሯ ምንም ስላልገባት ፈገግ ብላ የሚቀጥለውን ሕፃን አምጡ ትላለች። ያ ፈገግታዋ! በነጠላዬ ብሸፍንላት ደስ ባለኝ።

አባትየው የልጄን እጅ ጨመደደ። «ፈረንጆቹ ቋንቋችንን አያውቁም። አንቺ ነሽ ደላላዋ።»

«ወንድሜ፣ ለመድኃኒቱ እኮ ነው የምንመዝነው» አለች ልጄ።

«እንግዲያው እሷንም እንመዝናታ!» አለ ሌላው።

«ምኗ ይመዘናል? አጥንት ብቻ!»

ሳቁ። እንዲያ ያለ ሳቅ ከዱላ ይብሳል። አባትየው ማርከሩን ነጥቆ ልጄን ከክርኗ እስከ መዳፏ አሰመረባት። «በይ፣ አንቺም ተሸጥሽ።»

«በወላድ አምላክ ልጄን ልቀቃት! እኔም እናት ነኝ!» ብዬ በገበያ ኦሮምኛዬ ጮህኩ።

«እናት ከሆንሽ የሰው ልጅ እንደ ፍየል ሲንጠለጠል ቆመሽ ታያለሽ?»



ይሄኔ አንዲት አሮጊት ሰዉን እየገፉ መጡ። በእጃቸው ሲንቄ ይዘዋል፤ የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ሴት ያንን ይዛ መሐል ከገባች ወንድ አያልፋትም። አሮጊቷ በልጄና በሰውዬው መካከል ገብተው ሲንቄውን አጋደሙት። ሰውዬው የልጄን እጅ እንደ ፍም ጣለው። ዱላዎቹም አንድ በአንድ ወረዱ።

«እናቴ፣ እግዜር ይስጥዎ» ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በሲንቄው ጫፍ ገፋ አደረጉኝ።

«ላንቺ ብዬ አይደለም። እዚህ ደም ከፈሰሰ እርግማኑ ለኛ ነው። ልጅሽን ይዘሽ ጥፊ። ያንን መንጠቆም ከዛፋችን ላይ አውርዱ።»

ድንኳኑን ትተን፣ ፈረንጁም ሐበሻውም አይሱዙው ላይ ተጫንን። ከተጫነው ሰው ሁሉ የተቀባችው የኔው ልጅ ነበረች። ከኋላ ድንጋይ ብረቱን መታው፤ ሾፌሩ አልቆመም። ዶክተሯ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«ሌላ ቀን እንመለሳለን ነው የምትለው።»

«እሷ ትመለስ! የሷ እናት እዚህ የለችም።»

ልጄ አቀርቅራ ክንዷን አየች። «እማ፣ ያቺ የሰውዬው ሕፃን እኮ ሽሮፑን ሳትወስድ ቀረች።»

«ዝም በይ!» አልኳት። የሌላ ሰው ልጅ የማስብበት ሆድ አልነበረኝም። የራሴን ልጅ ቀሚስ ጫፍ እስክንደርስ አልለቀቅኩም።

አቦምሳን አለፍን፤ አዳማ የገባነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። የግቢውን በር ቀርቅሬ ክንዷን በሳሙናና በጭድ አሸሁላት። ቆዳዋ ቀላ እንጂ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ይቅር። ልጄ አጠገቤ ናት፣ ቤታችን ነን፣ ማንም አይነካንም። ተርፈናል።