የዊራትኖ ገመድ

ያን ቀን ነፋስ የሚባል አልነበረም። ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቷል፤ ሙቀቱ ከአሸዋው እየተነሣ ፊት ይለበልባል። ጨረቃ ልትወለድ ነው፤ እንዲህ ባለው ቀን ውሃው አፋፍ ድረስ ይሞላል፣ ሲሸሽም ርቆ ይሸሻል። ማማ ዩብሊና ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ባሕሩ ውስጥ የተተከሉትን፣ ገመድ የሌላቸውን ባዶ ካስማዎቿን ታያለች።

«ዩብሊና፣ ባልሽ መጣልሽ!» አለ ጎረቤቷ ሜሳክ፣ ከሚጠግነው መረብ ቀና ብሎ። ባለ ነጭ ሸራ ጀልባ በሞተር ወደ ባሕረ ሰላጤው እየገባ ነበር።

«ባሌንማ ባሕር በልቶታል። ይኼኛውን እኔ እበላዋለሁ» አለች።

ዊራትኖ የከተማ ሰው ነው። በበጋ በባለ ሸራ ጀልባው ከደሴት ደሴት ይዞራል። ባለፈው ሲመጣ መልሕቁን የጣለው የባሕር ሣር በምታበቅልባቸው ገመዶች መካከል ነበር። ገመዱ ሞተሩ ላይ ሲጠመጠምበት በቢላ ቆራርጦ ጣለው። በጎማ ጀልባው ወደ ዳር ሲወጣ ስታለቅስ አያትና ሳቀ። «ሣር አይደል እንዴ ማማ? ይበቅላል» ብሏት አለፈ።

በሮቴ ደሴት ዳርቻ ገመድ የሌለው ሰው የባሕር ቦታ የለውም። ዝናብ እስኪገባ ባዶውን ከቆየ ሌላው ይዘረጋበታል፣ የሚወቅሰውም የለም። ዩብሊና ደግሞ ከዚያች ቦታ በቀር መተዳደሪያ የላትም፤ አዲስ ገመድ የምታገኝበትም መንገድ አልነበራትም።

ዊራትኖ እዚያው፣ በባዶዎቹ ካስማዎች ዳር ካለው አለት አጠገብ መልሕቁን ጣለ። የጎማ ጀልባውን እየቀዘፈ መጥቶ ደጃፏ ካለው ዘንባባ ሥር አሰረው። አላወቃትም።

«ማማ፣ ጉድጓዱ የት ነው? ውሃ ቶሎ ቀድቼ ልመለስ።»

«ሲሪ ሳያኝኩ? እኛ ጋ እንግዳ ሳያኝክ ጉዳዩን አያወራም። ይቀመጡ እንጂ!»

የሚታኘከውን የሲሪ ቅጠልና ፍሬ ከኖራ ጋር አቀረበችለት። አፉ እስኪቀላ አኘከ።

«ባሕሩ አይሸሽም አይደል?»

«ይኼን የሚያህል ባሕር የት ይሄዳል ብለው ነው?»

ዓሣ ጠበሰች፣ ሩዝ ጨመረች። ሊነሣ ሲል «በሞቴ!» እያለች መልሳ አስቀመጠችው። ሜሳክም ነገሩ ገብቶት የዘንባባ ጠጁን ይዞ መጣ። «እንግዳ በአንድ ብርጭቆ አይሸኝም፣ ጌታዬ!»

ዊራትኖ በመጨረሻ ሲነሣ ባሕሩ የለም። የጎማ ጀልባው ጭቃ ላይ ቀርቷል፤ ባለ ሸራው እንደታመመች ላም በጎኑ ተጋድሟል። እየሮጠ ወረደ። የባሕር ጃርት እግሩን ወጋውና እያነከሰ ተመለሰ።

«አንቺ ሴትዮ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ውሃ አይደል እንዴ? ይመለሳል።»

ያኔ ፊቷን ትክ ብሎ አየ።

ውሃው ወደ ማታ ላይ ከነፋስ ጋር ተመለሰ፤ ዊራትኖም ቀዝፎ ባለ ሸራው ላይ ወጣ። ጀልባው ከአለቱ ጋር ይላተም ጀመር፤ መልሕቁም አለት ሥር ተቀርቅሮ እምቢ አለ። ዊራትኖ ቢላውን አወጣና የገዛ ገመዱን ቆርጦ ሄደ።

የበቀሉ ደስታ ዩብሊናን እንዳሰበችው አልጣፈጣትም፤ አልመረራትምም። በማግስቱ ውሃው ሲሸሽ ወርዳ ገመዱን ሰበሰበች። ረጅምና ወፍራም ነው፣ ከሦስት ክር የተገመደ።

«ይኼን ሁሉ ልትፈቺው ነው?» አላት ሜሳክ።

«በጥርሴም ቢሆን።»

ክሩን ለያይታ፣ ዝናቡ ሳይገባ በካስማዎቿ መካከል ዘረጋችው።

ማማ ዩብሊና ዛሬም እዚያው ቤት ናት። የዊራትኖ መልሕቅ በቦታዋ ዳር እንደተቀረቀረ ነው፤ ውሃው በሸሸ ጊዜ ሣሯን ታጭዳለች።