ወንድምየው የሚመለስበት ድራማ

ቆቦ ውስጥ አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የጻፍኩት ድራማ አንድ ብቻ ነው። በጦርነቱ የጠፋ ወጣት በመጨረሻው ትዕይንት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እህቱ ሮጣ ታቅፈዋለች፤ መጋረጃው ይዘጋል። ሰዉ ያለቀሰው ይበቃዋል፣ ደስ ብሎት ይሂድ ብዬ ነበር።

እህትየዋን እንድትሠራ የመረጥኳት ተማሪ ጎበዝ ነበረች፤ የመጨረሻውን ትዕይንት ግን በየልምምዱ ራሴን አመመኝ እያለች ታልፈው ነበር። የገዛ ወንድሟ ከጦርነቱ ጀምሮ ድምፁ እንዳልተሰማ ጓደኞቿ የነገሩኝ ለዝግጅቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ደንግጬ አስጠራኋት።

«ሌላ ሰው ይተካሽ?»

«አይ፣ እሠራዋለሁ። ግን ቲቸር፣ እንዲህ ዝም ብሎ ይመጣል እንዴ?»

«ልብ ወለድ ነው እኮ» ብዬ አለፍኩ።

በዝግጅቱ ዕለት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በሰውና በሙቀት ታፍኗል። እናቷ ከሮቢት መጥተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በመጋረጃው ጠርዝ አየኋቸው። የመጨረሻውን ትዕይንት ላስቀረው ነበር፤ ሳልወስን ወንድምየውን የሚሠራው ተማሪ ወደ መድረኩ ገባ።

«መጣሁ» አለ።

ልጅቷ አልሮጠችም። ካለችበት ሳትነቃነቅ አየችው።

«የት ነበርክ?» አለችው። እኔ ያልጻፍኩት ነው። «መኪና በቆመ ቁጥር እናታችን ብድግ ስትል፣ አንተ የት ነበርክ?»

እናቷ አንገታቸውን ደፉ። ልጁ የምነግረውን ፈልጎ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ምን እንደመጣለት እንጃ፣ ተንበረከከና «መምጫ አጥቼ ነው» አላት። ያኔ አቀፈችው። አቅፋውም ጀርባውን በጡጫ ትመታው ነበር።

ሲያበቃ እናቷ ወደ እኔ መጡ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው ቀድሜ።

«ለምኑ? የኔውን ነገር አላህ ነው የሚያውቀው። በዚህኛው መምጣት ደስ ብሎኛል።» ቀጥለውም «መጣሁ ብሎ ሲገባ ግን ተነሥቼ ልወጣ ነበር። መምጣቱ በጣም ቀለለብኝ። እሷ ስትጠይቀው ነው የተቀመጥኩት» አሉኝ።

በሳምንቱ ዋጃ ላይ እንድናሳየው ተጠየቅን። መጨረሻውን አልለወጥኩም፤ የልጅቷን ጥያቄ ግን እንዳለ ጽፌ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው።

«እናትየዋስ፣ ቲቸር? ልጇ ሲመለስ ምንም አትልም?»

ወንበር ሳብኩላትና አብረን መጻፍ ጀመርን።