ከክዳኑ ስር ሦስት ነጥብ

ያረጀ የሰዓት ዘይት ሽታ ታውቃለህ? ዝገትና የላብ ጨው አለበት። ባለፈው ወር እዚህ አሜሪካ፣ ሊልበርን፣ ልጄ ቤት መስኮት ስር ተቀምጬ አንድ የእጅ ሰዓት ከኋላው ብከፍት ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ያመጣችው ልጅ ሰዓት ሠሪ መሆኔን ቤተ ክርስቲያን ሰምታ ነው። «ጋሼ፣ የአባቴ ነው። ዱሉዝ ሰዓት ቤት ወስጄው ባትሪ የለውም አሉኝ። ፊክስ ታደርገዋለህ?» አለች። የሚሞላ ሰዓት አይታ አታውቅም።

ክዳኑ ውስጥ የተጫረውን ስም ሳነብ ሰዓቱን አወቅኩት።

ያኔ በወጣትነቴ መርካቶ፣ አንድ ሰዓት ጥገና ሱቅ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ነበርን፤ እኔና ባለ ስሙ። መስኮቱ ዘንድ አንድ ወንበር ነበረች፣ ብርሃን ያለባት፣ የዋናው ሠሪ። አንድ ቀን የአለቃችን የገዛ ሰዓቱ ወደቀና የባላንሱ ዘንግ ተሰበረ። የሰዓት ጉልበቱ ተጠምጥሞ የሚላቀቀው ሞላ ነው፤ ወዲያ ወዲህ የሚለው ባላንስ ግን ልቡ ነው። «ይህን ያስነሳ ወንበሯ የሱ ናት» አለ አለቃችን።

ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ለአዲስ ዘንግ የልብስ መርፌ በእሳት አለሳልሼ፣ በፈረስ ጭራ ቀስት እንደ ማሲንቆ እየገዘገዝኩ አዞርኩት፣ ጫፉን ከፀጉር አሳነስኩት። ዘንጉ በሚሽከረከርባት ቀይ ድንጋይ ላይ ሳስቀምጠው ሰዓቱ ተነፈሰ። የጠገነ ሰው ክዳኑ ውስጥ ምልክቱን ይጭራል፤ ደንባችን ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩምና ሦስት ነጥብ ወጋሁ።

ምሳ በልቼ ስመለስ ነጥቦቼ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቀው ጽሑፍ ተጽፏል። የሱ ስም ነው አሉኝ። ብጮህ፣ «ነጥብ ደግሞ ስም ይሆናል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አለቃችንም ሳቀ። ወንበሯን ወሰደ፤ ኋላም ሰዓቱን ወረሰ። እኔ ለቅቄ ወጣሁ። ሽማግሌ ሆኜ ፊደል የለየሁትም በዚያ ቂም ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ይኸው እጄ ገባ። ዘንጉን በወረንጦ ጫን ባደርገው ቀጭ ይል ነበር። ግን ዘንጉ የኔ ነው፤ ለሱ ብዬ የገዛ ሥራዬን አልሰብርም። አጠብኩት፣ ዘይት ሰጠሁት፣ ሄደ። ከዚያ ስሙ ላይ ሦስት ነጥብ ወጋሁበት፣ ብረቱ እስኪጎደጉድ። «በይ፣ ከፍተሽ ለአባትሽ አሳዪው» አልኳት። ሳምንቱን ሙሉ ፊቱ ሲጠቁር እየታየኝ እህል ጣፈጠኝ።

እሑድ መጣች። «ጋሼ፣ አባቴ እኮ አያይም፤ ስኳር ዐይኑን ወስዶታል። ነጥቦቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ከዛ ‹የመስኮቷ ወንበር የሱ ነበረች› አለ። ምን ወንበር ነው?»

ያን ቃል የፈለግኩት አለቃችን ፊት ነበር። አለቃችን አፈር ከሆነ ስንት ዘመኑ።

«ብርሃን ያለባት» አልኳት።