የእሙ ዓይንና የእድራችን ጥሩምባ

ኮልፌ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚወደው፣ ግን ማንም በማለዳ ደጁ ላይ ሊያየው የማይፈልግ ሰው ቢኖር ጋሽ ወንድይፍራው ነበር። ክፉ ሆኖ አይደለም። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ስለነበረ ነው። ጊዜው ደርግ ነው፤ ሰዓት እላፊ አለ። ሌሊት ሰው ቢሞትም ጥሩምባውን በብብቱ ይዞ በሩ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሲፈቅድ ይወጣና ከላይ ሰፈር ጀምሮ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው እየነፋ ይወርዳል። እናቶች ድምፁን ሲሰሙ መጀመሪያ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፤ «ማን ነው?» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ቀን ቀን ዘነበወርቅ አካባቢ ድንጋይ ይጠርባል። ሥራው አንድ ሳምንት አለ፣ አንድ ሳምንት የለም። ስለዚህ እድሩ «አንተ መዋጮህ ጥሩምባህ ነው» ብሎ ከክፍያ ነጻ አድርጎታል። እሱም በዚህ ይኮራ ነበር። ከሚስቱ ከፀዳለ የወለዳት አንዲት ልጅ ነበረችው፤ እሙ ትባላለች። ጭንቁ ሁሉ በእሷ መጣ።

በእኛ ሰፈር ልጅ ትምህርት ቢሰንፍ ይታለፋል። አዋቂ እያየ ሰላም ሳይል ካለፈ ግን ጉድ ነው፤ የሚወቀሰው ደግሞ አባት ነው። እሙ ማንንም ሰላም አትልም። መንገድ ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ በሰው መሀል ታልፋለች። «የጥሩምባ ነፊ ልጅ እንዲህ ከኮራች የሚኒስትር ብትሆንማ!» እየተባለ ይወራል። ከሁሉ ይልቅ የተቀየሙት የእድሩ ዳኛ አቶ መኳንንት ናቸው። ቁመታቸው የትየለሌ ነው፤ ክረምት ከበጋ ከላያቸው የማይወርድ ቡናማ ካፖርት አላቸው።

«ወንድይፍራው» አሉት አንድ ቀን፣ «ልጅህን ምን አድርጌያት ነው? እንደ ግንብ እኮ ነው የምታልፈኝ!»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ እመክራታለሁ።»

መከራት። ጆሮዋንም ቆነጠጣት። «አላየኋቸውም አባዬ» ብላ አለቀሰች።

«የመብራት ምሰሶ የሚያህሉ ሰውዬ እንዴት አይታዩሽም?»

ከዚያ ወዲህ እሙ ሌላ ዘዴ አመጣች፤ ሰው የሚመስል ነገር ሁሉ ፊት እጅ መንሣት ጀመረች። ይህን ያወቀች ሃጂራ ብቻ ናት። ሃጂራ በረንዳዋ ላይ በሲንጀር መኪናዋ የምትሰፋ፣ አፏም እንደ መኪናዋ የማያርፍ ጎረቤታችን ነበረች። አቶ መኳንንት ያን ካፖርታቸውን ላዩ ስለነተበ ውስጡን ወደ ውጭ ሊያስገለብጡ ሰጥተዋት፣ በረንዳው ምሰሶ ላይ ሰቅላዋለች። እሙ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካፖርቱ ፊት ቆመችና ጎንበስ አለች።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

ካፖርቱ ዝም። ልጅቷ ይበልጥ ዝቅ አለች። «እንደምን ዋሉ ጋሼ መኳንንት?»

ሃጂራ ሳቋ አመለጣት። ግን የልጅቷን ፊት ስታይ መኪናዋን አቆመች።

«እሙዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከጋሼ ጋር… አሁንም እንደተቀየሙኝ ናቸው መሰለኝ፣ ዝም አሉኝ።»

ሃጂራ ወርዳ እጇን ያዘችና ካፖርቱን አስነካቻት። ባዶውን እጅጌ ስትጨብጥ ልጅቷ ደነገጠች። ሃጂራ መርፌዋን ጨርቁ ላይ እንደ ሰካች፣ መኪናዋን እንኳ ሳትሸፍን፣ በቀጥታ ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ቤት ሄደች።

«ልጅህ ባለጌ አይደለችም። ልጅህ አታይም» አለችው።

እሱ እሷን የቆነጠጠበትን እጁን ሲያገላብጥ ቆየ ይባላል።

ጤና ጣቢያ ወሰዳት። የመረመራት ሰው እሙ ከሩቅ እንደማታይ፣ መነጽር ካገኘች ግን እንደ ማንኛውም ልጅ እንደምታይ ነገረው። ካላገኘች ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ሳታይ ከትምህርቷ ትቀራለች። ቀበሌ የነጻ ሕክምና ወረቀት ይሰጣል፤ ወረቀቱ ግን ለመነጽር አይሆንም። መነጽር ደግሞ በድንጋይ ጠራቢ አቅም የሚደፈር አልነበረም።

እንደ እድል ሆኖ የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ደረሰ። አጀንዳው አንድ ነው፤ ድንኳኑ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ። ሃጂራ እጇን አወጣች።

«የድንኳኑን ቀዳዳ እኔ እጥፈዋለሁ፣ በነጻ። ለአዲስ ድንኳን የታሰበው ገንዘብ ለልጆቻችን ዓይን ይሁን። ዓይኑ የደከመ ልጅ ሲገኝ እድሩ መነጽር ይግዛለት።»

ቤቱ ተናወጠ። «እድር የሙት ነው እንጂ የዓይን አይደለም!» አለ አንዱ። ሌላው «ዛሬ ዓይን ካልን ነገ ጥርስ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ጫማ!» አለ። እትዬ ወለተጻድቅ የሚባሉ፣ በለቅሶ ሙሾ የሚያወርዱልን እናት፣ «እኔ በተቀደደ ድንኳን ሥር ዝናብ እየወረደብኝ ማልቀስ ሰልችቶኛል» አሉ። ቢሆንም የልጅ ነገር ነውና ብዙው ሰው ቀስ በቀስ ወደ ሃጂራ አዘነበለ። ያኔ ደግሞ ለየትኛው ልጅ የሚለው ክርክር ተነሣ። ከየቤቱ ለአንድ ልጅ ብቻ ያሉ ነበሩ። በመጨረሻ «ለሚከፍል አባል ልጅ ሁሉ» በሚለው ሊስማሙ ሆነ።

ጋሽ ወንድይፍራው በሩ አጠገብ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የሚከፍል አባል አይደለም። እሙ ቀረች ማለት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ማንም ወደ እሱ አላየም። እሱም ለራሱ መናገር ነውር መስሎት ባርኔጣውን ይጠመዝዛል።

ሃጂራ ቁጭ አላለችም። «ጋሽ መኳንንት፣ የወንድይፍራው ልጅ ሰላም አትለኝም ብለው ተቀይመዋል አይደል?»

«ሰፈር ያውቀዋል» አሉ።

«ባለፈው ሳምንት ካፖርትዎን እጅ ነሥታለች። ሁለት ጊዜ! ሰው መስሏት። መልስ ስታጣ ተቀይመውኛል ብላ ልታለቅስ ነበር። ለእርስዎ ካፖርት እንኳ እንዲህ የሰገደ ሰው በዚህ ሰፈር ካለ ይነሣ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ መኳንንት ራሳቸው ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ሲበርድ ዕንባቸውን ጠረጉ፤ ግን ዕንባው ቶሎ አልቆመላቸውም።

«ሁለት ጊዜ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሁለት ጊዜ።»

ወደ በሩ ዞሩ። «ወንድይፍራው፣ እኛ ተኝተን አንተ በብርድ ስትወጣ የኖርከው መክፈል ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ‹የሚከፍል› የሚለው ይውጣ። ለእድሩ ልጆች ሁሉ። የምትስማሙ እጃችሁን አንሡ» ብለው የራሳቸውን ረጅም እጅ ቀድመው አነሡ። እትዬ ወለተጻድቅም እያጉረመረሙ አነሡ።

በማግስቱ ማለዳ ጋሽ ወንድይፍራው ወሬውን እንዲለፍፍ ታዘዘ። ከደስታው የተነሣ ሌላ ነገር አላሰበም፤ እንደ ልማዱ ጥሩምባውን ነፋ። ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግር ብሎ ወጣ። እትዬ ወለተጻድቅማ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ወየው ወንድሜን! ወየው ጋሻዬን!» እያሉ ደረሱ።

«ኧረ የሞተ የለም!» ብሎ ጮኸ። «ልጆቻችሁን ለዓይን ምርመራ አምጡ ነው የተባለው!»

«የሞተ የለም?»

«የለም እትዬ!»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዕንባ ማን ይመልስልኛል? አንተ ከይሲ!» ብለው በነጠላቸው ጫፍ መቱት። ከዚያ ሳቁና ሳሙት።

እሙ መነጽሯን ያደረገች ቀን ከአባቷ ጋር ፌርማታው ላይ ከአውቶቡስ ወረዱ። አቶ መኳንንት ካፖርታቸውን ሳይለብሱ ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል። «አባዬ፣ ጋሼ መኳንንት እዚያ ማዶ ናቸው!» አለችና ከመኪናው ጩኸት በላይ «እንደምን ዋሉ ጋሼ!» ብላ ተጣራች። ሰውየው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ለአዋቂ እንደሚደረገው፣ ለሷ ጎንበስ አሉላት።

ጋሽ ወንድይፍራው ውለታ የማይረሳ ሰው ነበር። በስብሰባው ቀን እጃቸውን ካነሡት ሰዎች አንዱ በሞተ ቁጥር ስሙንና የቀብሩን ሰዓት ከተናገረ በኋላ፣ ማንም ሳያዘው፣ «ለልጆቻችን ዓይን እጁን ያነሣ ነው!» ይል ጀመር። ሰፈሩም ጥሩምባ ሲሰማ ከማልቀሱ በፊት መጠየቅ ለመደ።

ከዓመታት በኋላ፣ ደርግም ሰዓት እላፊውም ገና ሳሉ፣ አንድ ማለዳ ጥሩምባው እትዬ ወለተጻድቅ ደጅ ላይ ቆመ። እትዬ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ለዓይን ነው ለሞት?» አሉ።

ጋሽ ወንድይፍራው ጥሩምባውን በብብቱ ያዘ። ከኋላው እሙ መነጽሯን እየጠረገች ቆማለች።

«አቶ መኳንንት አርፈዋል» አለ። «ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ለልጆቻችን ዓይን መጀመሪያ እጃቸውን ያነሡት እሳቸው ናቸው።»

እትዬ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።