እስከ ረፋድ የማይጠፋ ምልክት

ዕድሜ ከሃምሳ ሲያልፍ የትራስ እጥፋት ከፊት ላይ ቶሎ አይጠፋም። በወጣትነት ውሃ ነካ ሲያደርጉት የሚለቅ ነገር፣ ቆዳ ሲሰንፍ እስከ ረፋድ ይቆያል። ይሄን ያወቅሁት በደርግ ጊዜ ነው፤ ያሳወቀኝም ፍርሃት ነው። እኔ ጉንጭ ላይ የሚያድረው ደግሞ የትራስ እጥፋት አልነበረም። የሬዲዮ ድምፅ ማውጫ ቀዳዳዎች ነበሩ፣ በመደዳ፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ ሆነው።

የመጀመሪያ ልጃችን ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ሁለት ደብዳቤ ጽፎ ዝም አለ። አንድ ሰው በጆሮዬ ሹክ አለኝ፤ በወዲያ በኩል ያሉት ተዋጊዎች የማረኳቸውን ወታደሮች ስም በሬዲዮአቸው ከነአባታቸው ያነባሉ አለኝ። ያን ሬዲዮ መስማት ያሳስራል፣ የባሰም ያመጣል። እኔና ባለቤቴ ግን ስለ ልጃችን የምንጠይቀው ሌላ ሰው አልነበረንም። ስለዚህ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ፣ ጉንጬን ሬዲዮው ላይ ለጥፌ እሰማ ነበር። ከሲግናል ሰፈር ከፍ ብላ ያለችው ቤታችን ከጎረቤት የምትለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው።

ሥራዬ እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ችግኝ ማፍላት ነበር። ድሮ ያን ዳገት ወጥቼ ወርጄ ስመጣ እራቴን ሳልጨርስ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር። የምርኮኞቹ ስም የሚነበበው ግን አምሽቶ ነው፤ ያውም በየቀኑ አይደለም። እስከዚያ ድረስ ነቅቶ ለመቆየት ከቀን የተረፈውን ቡና እያሞቅሁ መጠጣት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ አንድ ሲኒ፣ ኋላ ሦስት። ሬዲዮው ከተዘጋም በኋላ ዓይኔ እንደተገለጠ ይነጋል። ቀን ደግሞ በምሳ ሰዓት ዛፍ ሥር ጋደም እላለሁ፤ ያችን ስተኛ የማታው ይብስበታል። በሃያ ዓመቴ አንድ ሌሊት ባጣ በማግስቱ እተካው ነበር። በዚያ ዕድሜ ግን ያመለጠ እንቅልፍ የሚመጣው ባልተፈለገበት ሰዓት ነው።

የኔው የሚመጣው እሑድ ጠዋት ነው፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ።

አንድ እሑድ ባለቤቴ ከቤት ሳንወጣ ጉንጬን በሙቅ ውሃ አሸችው፣ ቫዝሊን ቀባችው፤ ምልክቱ እንቢ አለ። አዳራሹ ውስጥ ቀኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው፣ አንድ ሰው ትከሻዬን ሲነቀንቀኝ ነው።

«ጓድ አባባ» አለ ካድሬው ከመድረኩ ላይ፣ «ውይይታችን ያስተኛዎታል?»

«ኧረ እየሰማሁ ነው።»

«እስቲ የመጨረሻውን ነጥብ ይንገሩን።»

«ተንተርሰውታል» አለ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም።

«ይሄ ሦስተኛ ጊዜ ነው። ስብሰባ ላይ መተኛት ድካም አይደለም፣ አቋም ነው።»

ባለቤቴ ከሴቶቹ አግዳሚ ብድግ አለች። «አቋም አይደለም ጓድ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን ነው የሚያድረው።»

ከአፏ እንደወጣ ገባት። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ሌሊቱን ሙሉ ምን ሲሠራ?» አለ ካድሬው።

ብታሰር ልጄን የሚጠባበቅልኝ የለም፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት ይሄንኑ ብቻ ነው።

«ሽንት ነው ልጄ» አልኩ። «ዕድሜ ነው። እወጣለሁ፣ እገባለሁ።»

ወጣቶቹ ተንሾካሾኩ። ካድሬው «ድሬሰሩ ይመርምራቸው። አሁኑኑ፣ በጽሑፍ» አለ።

ድሬሰሩ መነጽር ያደረገ፣ በዕድሜ እኔን የሚያክል ሰው ነው፤ ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ክፍል ቁስል ያክማል፣ መርፌ ይወጋል። ወደ መስኮቱ አዙሮ የዓይኔን ቆብ ዝቅ አደረገ። ከዚያ እጁ ቆመ። በጣቱ ጉንጬን ዳሰሰው፣ ነጠብጣቡን በመደዳ፣ ከላይ እስከ ታች።

«እራት በልተው ምን ይጠጣሉ?» አለኝ።

«ቡና።»

«ስንት ሲኒ?»

«ሦስት።»

«ቀን ይተኛሉ?»

«በምሳ ሰዓት፣ አለቃዬ እስኪቀሰቅሰኝ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። መርፌ ከሚቀቀልበት ድስት ውስጥ ፋሻ ነክሮ ጉንጬ ላይ ለጠፈውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ሳይለቅ አዳራሽ እንዳይገቡ» አለኝ። ፋሻው ይፋጃል። አጥብቄ ያዝኩት።

ድሬሰሩ መጻፍ እንደጀመረ ካድሬው በሩ ላይ ቆመ። «ፊታቸው ምን ሆነ?»

«ሲያንቀላፉ የፊተኛው አግዳሚ መታቸው» አለ ድሬሰሩ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

ካድሬው ቀረበና ጎንበስ አለ። «እስቲ ይነሳ ፋሻው።»

«ከተነሳ ያብጣል። ይልቅ ነክረህ ነክረህ አንተ ያዝላቸው፣ እኔ ልጻፍበት።»

ካድሬው ውሃ የሚንጠባጠበውን ፋሻ አየ፣ የተተኮሰውን የኮቱን እጅጌ አየ፤ «ቶሎ በሉ» ብሎ ወጣ።

ምልክቱ ሲለቅ ተመለስን። ወረቀቱ በስብሰባው ፊት ተነበበ፤ ማታ ቡና እንዳይጠጣ፣ ቀን እንዳይተኛ፣ ሊተኛ ሲል ውሃ እንዳያበዛ። ባለቤቴ እንድትቆጣጠረኝና በየስብሰባው ሪፖርት እንድታቀርብ ተወሰነ። ተጨበጨበ።

የማመልጥበት ወረቀት ብቻ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የምር ያዘችው። የተረፈውን ቡና ትደፋዋለች፤ ምሳ ሰዓት ላይም ጋደም ስል ባልደረቦቼ «ወረቀቱ! ወረቀቱ!» እያሉ ያስነሱኛል። ሳምንቱ እያለፈ ሲሄድ እንቅልፌ መጣ። ሲመጣ ደግሞ እንደ ድሮው ነው፤ ዛሬስ እሰማለሁ ብዬ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባለሁ፣ ስነቃ ነግቷል። ልጄን ጥዬው የተኛሁ እየመሰለኝ ጠዋት ጠዋት ከራሴ ጋር እጣላ ነበር።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሬዲዮውን በእጄ ብፈልገው ከጎኔ የለም። ዞር ብል ባለቤቴ ጉንጯን ሬዲዮው ላይ አስደግፋ ተኝታለች።

«መቼ ጀመርሽ?» አልኳት ስትነቃ።

«አንተ መተኛት ስትጀምር» አለችኝ።

እሑድ እሑድ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ትነሳና «በደንብ እየተኛ ነው» ብላ ሪፖርት ታደርጋለች። ሴት በነጠላ ብትሸፈን ማን ምን ይላታል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይቶ፣ አንድ ጠዋት ምሳህን ልያዝልህ ብላ ዳገቱን ተከትላኝ ወጣች። ቤቶቹ ከታች እስኪቀሩ አልተናገረችም። ዛፎቹ መሃል ስንደርስ እጇን አፌ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ነገረችኝ።

ተነቧል። በሕይወት አለ።

እጇን ከአፌ እስክታነሳልኝ ጠበቅሁና «ለምን አልቀሰቀስሽኝም?» አልኳት።

«ትጮህ ነበራ።»

እውነቷን ነው። የልጄ ስም የተነበበው ከነአባቱ ነው፤ የኔም ስም አብሮ ተጠርቷል ማለት ነው፣ እኔ ተኝቼ። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። ነጠብጣቡ እዚያው አለ፤ የሷም ቆዳ ሰንፏል። ዳገቱ መሃል ተቀመጥን። እስኪለቅ ድረስ ወደ ሰፈር አትወርድም፣ እኔም ትቻት ወደ ሥራ አልወጣሁም።